ቀድሞ ለጨረሰው ልጅ ምን ይሰጡታል?

ለመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን

ሰሌዳው ላይ አምስት የማካፈል ጥያቄዎች ጽፈው የጠመኔውን ብናኝ ከእጅዎ ሳያራግፉ ከመሃል ረድፍ "ጨረስኩ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሄደው ያያሉ፤ አምስቱም ልክ ናቸው። የቀሩት 59 ተማሪዎች ጥያቄውን ገና ወደ ደብተራቸው እየገለበጡ ነው፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜም 25ቱ ይቀራል። ልጁ 25ቱን ደቂቃ በምን እንደሚያሳልፍ አስቀድመው ካላሰቡለት እሱ ራሱ ያስብበታል። የጎኑን ልጅ ይጎነትላል፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል፣ ይባስ ብሎም ከነገ ጀምሮ ሆን ብሎ ቀስ እያለ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ማንንም ስለማይረብሽ የሚያስተውለው የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚያ 25 ደቂቃዎች ነው። ልዩ ክፍል፣ ልዩ በጀት ወይም ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ያንኑ ሥራ ማብዛቱን ይተዉና ሌላ ሥራ ይስጡት።

"ፊደል ያልለዩ ልጆች እያሉብኝ ስለ ጎበዙ ልጨነቅ?" የሚል መምህር ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርቱም ሆነ የዕቅድ ቅጹ ላይ ያለው የድጋፍ ዓምድ በዋናነት የታሰበው ወደ ኋላ ለቀሩት ነው፤ በዚህ የሚወቀስ የለም። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሮ ነበር። ርእሰ መምህሩ "ይህ ደግሞ ከየት መጣ?" ቢሉዎት መልስ አለዎት። ከዚያ ይልቅ የሚያሳምንዎት ግን የክፍልዎ ሁኔታ ይመስለኛል፤ የራሱ ሥራ ያለው ፈጣን ልጅ አይረብሽዎትም፣ እርስዎም ድጋፍ የሚፈልጉት ልጆች አጠገብ ቁጭ የሚሉበት ጊዜ ያገኛሉ።

ማን እንደሆነ ይለዩ

ካርድ ላይ የተጻፈው ደረጃ አይበቃም። "1ኛ" የወጣው ልጅ ትምህርት ፈጥኖ የሚገባው ሊሆን ይችላል፤ ማታ ማታ አስጠኚ ያለው፣ ደብተሩ የጠራ፣ የቤት ሥራ የማያስቀር ታታሪ ልጅም ሊሆን ይችላል። ታታሪነት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንጻሩ 23ኛ የወጣችው ልጅ ትምህርቱ ገና ሲጀመር ገብቷት፣ ድግግሞሹ ሰልችቷት የተወችው ልትሆን ትችላለች። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሦስት ነገሮች የሚገናኙበትን ቦታ እንድንፈልግ አሳስቦ ነበር፦ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ በያዙት ሥራ መጽናትና ፈጠራ። ወደ ክፍልዎ ሲያመጡት "ለምን?" እያለ የሚጠይቅዎት፣ እርስዎ ያላሳዩትን አቋራጭ የሚያገኝ፣ በቃሉ እየመለሰ መጻፍ ግን የሚሰለቸው ልጅ ማለት ነው።

የማይታዩትንም ያስቡ። ውሃ ቀድታ፣ ታናሾቿን አብልታ በከሰዓት ፈረቃ ደክማ የምትመጣ ልጅ እጇን አታወጣም። አፉን የፈታበት ቋንቋ ከክፍሉ ቋንቋ የተለየበት ልጅ ሒሳቡን እያወቀው ጥያቄው ላይ ይሰናከላል፤ ቁጥሩን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሠሩትና ይዩት። "ረባሽ" ተብሎ ስሙ በየቀኑ ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን ልጅም መቼ መረበሽ እንደሚጀምር ይከታተሉ። ሁልጊዜ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከሆነ ነገሩ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

ከግምት የሚያወጣዎት ቀላል ዘዴ አለ። አዲስ ምዕራፍ ከመጀመርዎ በፊት ባለው ዓርብ ከምዕራፉ የማጠቃለያ መልመጃ ከበድ ያሉ አምስት ጥያቄዎችን መርጠው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ለሁሉም ተማሪ 15 ደቂቃ ይስጡ። ማርክ እንደሌለው፣ ያልተማሩት ትምህርት ስለሆነ አለማወቅ እንደማያሳፍር አስቀድመው ይንገሯቸው። ከአምስቱ አራቱን የሠራ ልጅ ለሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ሊያስተምሩት ያቀዱትን አብዛኛውን ያውቀዋል። ወረቀቱን ማረም 60 ቢሆንም አያደክምም፤ ብዙዎቹ ባዶ ወይም በአንድ እይታ የሚለዩ ናቸውና።

ይህን በየምዕራፉ ይድገሙት። በክፍልፋይ ፈጣን የሆነ ልጅ በጂኦሜትሪ መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ ማካፈል ላይ ያልታየች ልጅ ልኬት ላይ ብቅ ልትል ትችላለች። ስም ዝርዝር ሠርተው ግድግዳ ላይ አይለጥፉ፤ "የጎበዞች ረድፍ" የሚባል ነገርም አይፍጠሩ። አንዴ ስም ከወጣ ውስጥ ያለው ላለመውደቅ መጨነቅ ይጀምራል፣ ውጭ ያለው ደግሞ መሞከሩን ያቆማል።

የተለመዱትንና የማይጠቅሙትን ይተዉ

የመጀመሪያው "ጨረስክ? እንግዲያው ከ11 እስከ 20 ያለውን ቀጥል" ማለት ነው። ይህ ለፍጥነት የተሰጠ ቅጣት ነው። ልጆች ደግሞ ሞኝ አይደሉም፤ ሁለተኛ ጊዜ ቀድመው አይጨርሱም።

ሁለተኛው አለቃነት ነው። ፈጣኑን ልጅ አለቃ አድርጎ የሚያወራውን ስም ማስጻፍ፣ ጠመኔ ማስመጣት፣ ደብተር ማሰብሰብ፣ አንዳንዴም መምህራን ክፍል መላላክ። ልጁ ደስ ሊለው ይችላል፤ ወላጆቹም ይኮሩበታል። በዓመቱ መጨረሻ ግን በትምህርት የጨመረው ነገር ሲቆጠር ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የበለጠ ያከራክራል፦ ፈጣኑን ልጅ ዘወትር የሌሎች አስጠኚ ማድረግ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲመጣ ይህ ነገር ሥርዓት ሆነ፤ "አንዱ" ዓመቱን ሙሉ አንድ፣ "አምስቱ" ዓመቱን ሙሉ አምስት ሆነው የቀሩበት ክፍል ብዙ ነው። ማስረዳት ራሱ ያስተምራል፤ ለጓደኛው ማካፈልን ያስረዳ ልጅ ማካፈልን አጥርቶ ያውቃል። ሆኖም የሚያጠራው የሚያውቀውን እንጂ የማያውቀውን አይደለም።

እዚህ ላይ የቄስ ትምህርት ቤትን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። የኔታ ፊት አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ አቡጊዳ ይላል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ የበሰለው ዳዊት ይደግማል። ዕድሜም ሆነ የመጣበት ዓመት የሚይዘው የለም። በቁርኣን ቤትም ልጆች ሉሓቸውን ይዘው በየራሳቸው ፍጥነት ይሄዳሉ። ዳዊት የደረሰው ልጅ ለታናሾቹ ያስቀጽላል፤ ግዴታው ነው። ነገር ግን ካስቀጸለ በኋላ ተራው ሲደርስ እሱም የራሱን ትምህርት ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የዛሬው ክፍል ከዚህ ሥርዓት የወሰደው ማስቀጸሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ልጅ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጓደኞቹን ይርዳ፤ በቀሩት ቀናት ግን እርስዎ ፊት የሚቀርብበት የራሱ ትምህርት ይኑረው።

ጊዜውን ነጻ ያውጡለት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በዓርቡ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አራት ያገኘው ልጅ ያልሠራትን አምስተኛዋን ነገር በሚያስተምሩበት ቀን አብሮ ይማራል፣ በቀሩት የመለማመጃ ክፍለ ጊዜዎች ሌላውን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ዝግጅት ለማይኖርዎት ቀን ይሆናል። የክፍል ሥራ ሲሰጡ ከአሥሩ ጥያቄዎች ከባዶቹን ሦስት በኮከብ ምልክት ያድርጉባቸው። "ከእነዚህ መጀመር የፈለገ ይጀምር፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም በትክክል የሠራ የቀሩትን መሥራት አይጠበቅበትም" ይበሉ። ለሁሉም ክፍት ይሁን። የሚሞክሩት ከጠበቁት በላይ ይሆናሉ፤ ከሞከሩት መካከልም እርስዎ ያልጠረጠሩት ልጅ ሊወጣ ይችላል። ያልተሳካለት ወደ ተራው ሥራ ይመለሳል እንጂ የሚጎድልበት ነገር የለም።

የምዕራፉን ፈተና ግን ሁሉም አብሮ ይፈተን። ነጻ የወጣው ልጅ ከመቶ 80 በታች ካመጣ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ መለማመጃው ይመለስ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ይንገሩት።

ሌላው ሥራ ምን ይሁን?

ብዙ መምህራን የሚቸገሩት እዚህ ነው። "ፈታኝ ነገር ስጡ" ማለት ይቀላል፤ ምን የሚለው ነው ችግሩ። ጥሩ ሌላ ሥራ ክፍሉ ከሚማረው ርእስ አይርቅም፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፣ መልሱም መጽሐፉ ጀርባ ላይ የለም። የሚከተሉትን በየካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው በአንድ ሣጥን ያኑሯቸው፤ ልጆቹ ራሳቸው እያነሡ ይሥሩ።

ክፍሉ ማካፈልና ቀሪ ሲማር የዘመን ቆጠራችንን ይስጡት። ባለ አራት አሃዝ ቁጥርን ለባለ አንድ አሃዝ ማካፈል የሚችል ልጅ ይበቃዋል። ካርዱ ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር። ለ2017 ዓ.ም. 7517 ይሆናል። ለ4 አካፍል፤ 1879 ደርሶ 1 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። አሁን 7517 እና 1879 ደምር፤ 9396። ለ7 አካፍል፤ ቀሪው 2 ነው። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ 6 እሑድ፣ ቀሪ ከሌለው ሰኞ። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር።

እስከዚህ ያለው አሠራር ነው፤ ማንም ደጋግሞ ሊይዘው ይችላል። እውነተኛው ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የተወለድሽበት ዓመት መስከረም 1 በምን ቀን ዋለ? እናትሽ የተወለዱበትስ? የ2019 ዘመን መለወጫ ዓርብ ነው፤ የ2020 ግን ቅዳሜን ዘሎ እሑድ ይውላል። ቅዳሜን ምን አዘለለው? (2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ልጅቱ ራሷ ትድረስበት፤ እርስዎ አይንገሯት።) በሌሎቹ ዓመታትስ አንድ ቀን ብቻ የሚገፋው ለምንድን ነው? 365ን ለ7 አካፍላ 1 ሲቀራት ፊቷን ይመልከቱ።

ካርዱን የሃይማኖት ትምህርት እንዳያደርጉት ይጠንቀቁ፤ የሚሠራው የሒሳብ ሥራ ነው። ጎን ለጎን ሌላ ካርድ ያዘጋጁ፦ የሂጅራ ዓመት ብዙውን ጊዜ 354 ቀን ነው። ከ365 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ረመዳን በየዓመቱ በስንት ቀን ወደ ፊት ይቀድማል? ዘንድሮ ወደ ዋለበት ወቅት ተመልሶ ለመምጣት ስንት ዓመት ይፈጅበታል? 33 ዓመት ገደማ ላይ የደረሰ ልጅ ጥሩ አድርጎ አስቧል። ሁለቱን ካርዶች የሠሩ ሁለት ልጆች ሲገናኙ የሚያደርጉት ክርክር ከማንኛውም መልመጃ ይበልጣል።

ለአካባቢ ሳይንስ የጥላ ሥራ ከሁሉም የምወደው ነው። ግቢው ውስጥ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ያስተክሉ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በሰዓታችን ልክ 6 ላይ ሳይሆን ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ይህ ጊዜ ፈረቃ የሚለዋወጥበት ስለሆነ የጠዋቱም የከሰዓቱም ልጅ ሊለካ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ በደብተሩ ይመዝግብ። ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ እያጠረ ይሄድና በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ጨርሶ ሊጠፋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ይዞራል! ባሕር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ይህን የሚያየው ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ልጁ ለምን እንደሆነ እስኪጠይቅዎት ይታገሡ፤ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ከነገሩት የስድስት ወር ሥራውን ያበላሹበታል።

አማርኛ ላይ ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። የምንባቡን ፍሬ ሐሳብ በ100 ቃላት ያሳጥር፤ ቀጥሎ በ30፣ በመጨረሻ በ10። አሥሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚጥል መወሰን ይኖርበታል፤ ትምህርቱ ያ ውሳኔ ነው። ወይም ከሰፈር አዛውንት አሥር እንቆቅልሽ ለቅማ ትምጣ፣ በሚደብቁት ነገር ዓይነት ትመድባቸው፣ ከዚያ የራሷን ሦስት ትፍጠርና ክፍሉን ትጠይቅ። ተረት ሲማሩ ያንኑ ተረት ጅቡ ራሱ ቢያወራው እንዴት እንደሚሆን ይጻፍ። ለሌሎቹ ትምህርቶች እንዲህ ያለ ነገር ራስዎ ያገኛሉ።

በሳምንት አምስት ደቂቃ ይስጡት

ሣጥኑን አስቀምጠው ልጁን ከረሱት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራው ይቆማል። ልጁ ትልቅ ሰው አይደለም፤ የሚያየው ይፈልጋል። ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። "ስንት አመጣህ?" አይበሉት። "እንዴት እንዳሰብከው አሳየኝ" ይበሉት። እርስዎ የማያውቁትን ቢጠይቅዎት "አላውቀውም፤ እስከ ዓርብ ሁለታችንም እንፈልገው" ማለት ክብርዎን አይቀንስም፤ እንዲያውም ልጁ ከዚህ በላይ የሚማርበት ቀን ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁልጊዜ ልክ የነበረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይሄድለት ጥያቄ ሲገጥመው ያለቅሳል፣ ይናደዳል ወይም "ይሄ አይረባም" ብሎ ካርዱን ይመልሳል። ይህ ሥራው በልኩ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ካርዱን አይቀይሩለት፤ አጠገቡ ሆነው የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ አብረውት ይሥሩ። ለሌላው ሥራ ማርክ አይስጡ። ማርክ ካለው የሚያውቀውን ብቻ እየመረጠ መሥራት ይጀምራል።

ክፍል ስለ ማዘለል

አንዳንዱ ልጅ በካርድ የሚመለስ አይደለም። 2ኛ ክፍል ሆኖ የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ እያነበበ የሚረዳ ልጅ ይገጥምዎታል። በድሮው ጊዜ እንዲህ ያለው "ደብል ይመታ" ነበር፤ በዕድሜ የገፉ ምሁራን ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ደጋግሞ የሚሰማ ነገር ነው። ዛሬ ብዙ መምህር ይፈራዋል፤ "ከትልልቆች ጋር ተቀምጦ ይጎዳል" ይላል። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. የብዙ አሥርት ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ዘገባ ግን በጥንቃቄ ተመርጠው ክፍል የዘለሉ ልጆች በትምህርታቸው ጥሩ እንደሚሄዱ፣ በማኅበራዊ ኑሯቸውም በጥቅሉ ጉዳት እንደማይደርስባቸው አሳይተዋል። የኛ ክፍል ከአሜሪካው ይለያል፤ ፍርሃቱ ግን ማስረጃ ሳይታይ ውሳኔ መሆን የለበትም።

ከመዝለሉ በፊት መለስተኛውን ይሞክሩ፦ በአንድ ትምህርት ብቻ ከፍ ማድረግ። የ3ኛ ክፍሏ ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ 4ኛ ክፍል ገብታ ትማር። ይህ እንዲሆን ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ፈረቃ መሆን፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያቸውም መግጠም አለበት፤ ስለዚህ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ነሐሴ ላይ ከምክትል ርእሰ መምህሩና ከተቀባዩ መምህር ጋር ይነጋገሩ። አንድ ወር ይሞከርና ይታይ። ሙሉ በሙሉ ይዝለል የሚባል ከሆነ ግን ለብቻዎ አይወስኑ። ወላጆቹ፣ ርእሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መስማማት አለባቸው፤ አለበለዚያ ልጁ 6ኛ ክፍል ደርሶ ለክልላዊ ፈተና ሲመዘገብ መዝገቡ አንሶ ይገኝና መከራውን የሚያየው እሱ ይሆናል። ልጁን ራሱንም ይጠይቁት። መዝለል የማይፈልግን ልጅ አያዝልሉ።

ከወላጅና ከባልደረባ ጋር

ለወላጅ ሲነግሩ "ልጅዎ ልዩ ነው" ብለው አይጀምሩ። አንዳንዱ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስጠይቀዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሌለው ገንዘብ አስጠኚ ይቀጥራል። የሚጠይቁት ትንሽ ነገር ይሁን። "እማማ፣ ልጅዎ ማታ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ነጻ ትሁንልኝ፤ የያዘችው የጥናት ሥራ አላት" ቢሉ እናት የሚገባቸው ነገር ነው። ለሴት ልጅ ይህች ግማሽ ሰዓት ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ልትጠቅማት ትችላለች።

የካርድ ሣጥኑን ብቻዎን መሙላት አይኖርብዎትም። በዓመት ከሚጠበቅብዎ 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ውስጥ ይህን አንዱ ርእስ ያድርጉት፤ አራት መምህራን በወር አምስት አምስት ካርድ ቢያዘጋጁ በአንድ ሴሚስተር ለሁሉም የሚበቃ ይገኛል። ጉድኝት ማዕከሉ ላይ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲገለብጡት ያስቀምጡ።

ሰኔ ላይ የውጤት መግለጫ ሲሞሉ ልጁ የሠራበትን ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት መምህር ያስረክቡ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የትኞቹን ምዕራፎች ሳይለማመድ እንዳለፈ፣ በየትኛው ትምህርት እንደሚቸገር፣ የትኛውን ካርድ ሳይጨርስ እንደተወ። ይህን ያላገኘ መምህር መስከረም ላይ ልጁን ከገጽ 1 ያስጀምረዋል።